የቅቤ ሻጯ ገረድ

በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ሲሸተኝ ዛሬም አንድ የድሮ ገበያ ቀን ትዝ ይለኛል። ትናንት ምራቴ ከገበያ ይዛው ስትገባ ፊቴን አዞርኩ። "አይወዱትም እንዴ፣ እማዬ?" አለችኝ። "ጓዳ አስገቢው" አልኳት።

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በዓመቱ ነው። እኔ ያኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከተማው ሲከፋ ከቡታጅራ ወዲያ ወዳለው የእናቱ መንደር ይዞኝ ሄደ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ስለሆነ ያገሩን ቋንቋ አላውቅም። ከአማቴ ጋር በእጅ ምልክት ስንግባባ እንውል ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን "ገበያ ልውሰድሽ" ሲለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም።

ገበያው ከሩቅ በሽታና በድምፅ ተቀበለን። የማረቆ በርበሬ ያስነጥሳል፣ አህያው ያናፋል፣ የጠዋት ፀሐይ በተደረደረው ሸክላ ላይ ያብረቀርቃል። እኔን የገረመኝ ግን ባለቤቴ ነው። ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ሰው እዚያ ሌላ ሰው ሆነ። ይልቁንም አንዲት ቅቤ ሻጭ ፊት ሲቆም። አጥር ለአጥር ያደጉ ናቸው አሉ። ፀጉሯ በቅቤ ወዝቷል። እኔ ሰምቼው በማላውቀው ስም ጠራችው፤ እሱም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ ዘንድ እንዲህ ስቆ አያውቅም።

"ምን አለችህ?" አልኩት።

"ምንም። የልጅነት ነገር ነው።"

ክንዱን በነካች ቁጥር ጣቶቿን አያለሁ። ጠላኋት።

ቀትር ላይ የገበያው ጫጫታ ድንገት ቀጥ አለ። የጣሊያን ወታደሮች ከበውናል። ከአርበኞች ጋር የሚላላክ የከተማ ሰው ገብቷል ተብሎ ነው አሉ፤ አገሬው የማያውቀውን ወንድ ሁሉ እየለዩ ካሚዮን ላይ ይጭናሉ። ባለቤቴን የለበሰው ኮት አጋለጠው። አስተርጓሚው መጥቶ "የማን ወገን ነህ?" አለው። ልናገር አፌን ስከፍት ቅቤ ሻጯ ቀደመችኝ።

"ባሌ ነው" አለች፣ በአማርኛ። "የልጆቼ አባት ነው። ቆሼ ገበያ ለንግድ ሰንብቶ ትናንት ገባ።"

በዙሪያዋ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ያውቋታል። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። "ይቺስ?"

"ገረዴ ናት።" ዘወር ብላ እንኳ አላየችኝም። "ተሸከሚ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል።"

ለካ አማርኛ ትችላለች። ጠዋቱን ሙሉ አንድ ቃል አልነገረችኝም።

አስተርጓሚው በእጁ ምልክት ለቀቀን፤ የቅቤውን ቅርጫት አንስቼ ተከተልኩ። ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ በአንገቴ ይወርዳል። እነሱ ከፊቴ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በወታደሮቹ መሃል ሳልፍ መፍራት የነበረብኝ ሞትን ነበር፤ እኔ ግን እርምጃቸው እንዴት እንደገጠመ ነበር የማየው። ባልና ሚስት እንጂ ሌላ አይመስሉም።

ወንዙን እንደተሻገርን ቅርጫቱን ከራሴ አወረደችና በነጠላዋ ጫፍ አንገቴን ጠረገችልኝ። "አነጋገርሽ የከተማ ነው። ብትናገሪ ሁለታችሁም አልቃችሁ ነበር" አለችኝ።

አመሰገንኳት። ምስጋናዬ ከልቤ ነበር፤ ቅናቴም እንደዚያው።

ሁለታችን ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ያዘ።

"እሷ ባትኖር አልቆልኝ ነበር" አለኝ።

"አውቃለሁ። ልጆቿ ስንት ናቸው?"

"ልጅ የላትም። አላገባችም።"

እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ።

ጣሊያን ሲወጣ ወደ አዲስ አበባ ተነሳን። ቅቤ ሻጯ ልትሸኘን መጣች። እኔን አቅፋ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ፤ ከእሱ ጋር ግን ዛሬ እንደተዋወቀ ሰው እጅ ተጨባብጠው ተለያዩ። እኔ በቅሎዬ ላይ ሆኜ ወደ ፊት አያለሁ። እሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ኮረብታው እስኪጋርዳት ድረስ ወደ ኋላው ያይ ነበር። እንዳላየሁ ሆንኩለት።