የአውድማው መጥረጊያ

ታላቅ ወንድሜ የሚታወቀው በዘሩ ነበር። ጤፉ ሰርገኛ ነው፤ ነጭና ቀይ የተደባለቀበት። ሰኔ ሲገባ የአካባቢው ሰው የሚበላውን ጤፍ ተሸክሞ ይመጣና በወንድሜ ዘር ስፍር በስፍር ይለውጣል። ትርፍ አይጠየቅበትም። «የእሱ ዘር አረም የለውም» ይባል ነበር፤ ለእሱ ይህ ይበቃው ነበር። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጥቼ እሱ ዘንድ ስገባ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ልጆቹ ዐረብ አገር ሄደውበት ብቻውን ነበር። ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጦ ዘሩን በወንፊት ሲነፋ አየዋለሁ። ብዙ አናወራም።

ቅንጬ የሚባለው አረም መጀመሪያ የታየው መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት ቦታ ነው። አበባው የተከካ እህል ይመስላል፤ ስሙም ከምግቡ ነው። ከብት አይደፍረውም፤ ፍየል ከበላችው ወተቷ ይመራል። ከመንገዱ ወደ ግጦሹ፣ ከግጦሹ ወደ ማሳ ገባ። ነሐሴ ላይ ወንድሜ ደቦ ጠራ።

«ቅንጬ አለ ተብለን ነው የመጣነው፤ ቅቤው የታለ?» አለ ጎረቤታችን። ከወንድሜ ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ያረሰ ሙስሊም ሽማግሌ ነው።

«አንተ ንቀል፤ ቅቤው ይደርሳል» አለው ወንድሜ።

«ባለፈውም እንዲህ ብለህ ጎመን ነው ያበላኸኝ።»

እየሳቁ ነቀሉት። አብቦ ነበር። የግብርና ባለሙያው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ያበበውን ነቅለን እንድናቃጥል ነግሮናል፤ እርጥብ ስለነበር ግን እሳት አልያዘም። በጋ ሲሆን ይቃጠላል ተብሎ ማሳው ጫፍ ላይ ተከመረ። እዚያው ቀረ።

ታኅሣሥ ላይ ጤፉ ተወቃ። በእኛ አገር ሴት አውድማ አትረግጥም፤ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ወንዶቹም የሚገቡት ጫማቸውን አውልቀው ነው። ምሳ ይዤ ሄጄ እንደ ሁልጊዜው ከዳር ቆምኩ። በሬዎቹ ወጥተው ጎረቤታችን ፍሬውን ወደ መሀል ይጠርግ ነበር። መጥረጊያው አዲስ ነው። ቅርንጫፉ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ የደረቀ አበባ ያለበት። ከክምሩ ወስዶ ያሰረው ነው።

«ያ ቅንጬ አይደለም ወይ?» አልኩ።

«እሱው ነው፣ እቴ። ከብት ባይበላው ለዚህ እንኳን ይሁን» አለኝ።

«ጋሼ፣ ዘሩ እየተራገፈ ነው። አስጥለው።»

ወንድሜ ቀና አለ። «ደርቋል እኮ። የደረቀ ነገር ምን ይወልዳል?»

«ጤፉም ደርቆ ነው የሚዘራው።»

ጎረቤታችን ሳቀ። «አብሽሪ፤ ነፋስ ይወስደዋል» አለኝና መጥረጉን ቀጠለ። መጥረጊያውን ከእጁ ለመውሰድ አውድማውን መርገጥ ነበረብኝ። ምሳውን አስቀምጬ ተመለስኩ።

ነፋስ ገለባውን ወሰደ። የቅንጬ ዘር ጥቁርና ደቃቅ ነው። ወንድሜ እንደ ልማዱ በወንፊት ነፋ፤ የአረሙ ዘር ግን ብዙው ከጤፉ ጋር አብሮ አለፈ። ከተነፋው አንድ እፍኝ ወስጄ መዳፌ ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ አልለየሁም። ነጭ ጤፍ ቢሆን ይታይ ነበር።

ሰኔ ላይ ሰዎች እንደ ወትሮው መጥተው ለወጡ። መስከረም ላይ የእኛም፣ ከእኛ ዘር የወሰደውም ሁሉ ማሳ በቅንጬ አበባ ነጭ ሆነ። ከመንገድ የሚገባ አረም ከዳር ይጀምራል። ይህ መሀል ለመሀል ነበር፤ ከየት እንደመጣ ለማንም አልተሰወረም።

ደጃችን መጥቶ የተጣላ የለም። አንዲት ጎረቤት ብቻ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ አገኘችን።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለችው። «ዘንድሮ በቅንጬው መሀል ትንሽ ጤፍም ደባልቀውልናል።»

 በማግስቱ ወንድሜ ማሳዋ ገብቶ ማረም ጀመረ። ከእሷ ወደ ሌሎቹ ሄደ። መጀመሪያ የጣቶቹን መሀል አሳከከው፤ ከዚያ ክንዱና አንገቱ ተሰነጣጠቀ፣ የዐይኑ ቆብ አበጠ። ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጥተው ከአረሙ እንዲርቅ ነገሩት። ማታ እቀባዋለሁ፤ ጠዋት ተመልሶ ይሄዳል። ጓንት ልግዛልህ ስለው፣ «በባዶ እጄ ነው የሰፈርኩላቸው» አለኝ።

በሚቀጥለው ሰኔ አቁማዳውን ፈትቶ ደጅ ተቀመጠ። ሰው ያልፋል፤ ሰላም ይለዋል፤ የእጁን ሕመም ይጠይቃል፤ ያልፋል። በትከሻቸው የያዙት ከሌላ ሰው የመጣ ዘር ነበር። ጎረቤታችን ብቻ ከረጢቱን ይዞ መጣና መስፈሪያውን አነሳ።

«ምን ልትሆን መጣህ?» አለው ወንድሜ።

«ለዘር ነዋ።»

«ይቅርብህ።»

«የጠረግኩት እኔ ነኝ። እኔው ልዝራው።»

«የሚዘራ የለኝም። ለመብል ከሆነ ውሰድ።»

ጎረቤታችን መስፈሪያውን አስቀመጠ። አጠገቡ ተቀምጦ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ከረጢቱን አንስቶ ሄደ።

ወንድሜ አቁማዳውን ወፍጮ ቤት እንድወስደው ነገረኝ። ከዚያ በፊት ዘራችን ወፍጮ ቤት ገብቶ አያውቅም። እንጀራው መረረ። እሱኑ በላነው።

ሐምሌ ላይ ከገበያ የተገዛ ጤፍ ዘራ። ድሮ እያንዳንዱን እፍኝ አይቶ ነበር የሚበትነው። በዚያ ቀን ሳያይ በተነው።