ውሃው ይሰማሻል

ሃይደር ከላንጋኖ ሲመለስ ጫማው ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ሃይደር ከመገናኛ እየተነሳ ለሽርሽር የሚሄዱ ሰዎችን የሚያመላልስ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ወጣቶቹ ሐይቁ ዳር ሙዚቃ አስከፍተው ሲጨፍሩ ያድራሉ፤ እሱ መኪናው ውስጥ ጋደም ብሎ ይጠብቃቸውና በማግስቱ መልሶ ያመጣቸዋል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ካለው ቤታቸው ሲደርስ ሚስቱ ራህማ ጫማውን በር ላይ ተቀብላ ታራግፈዋለች። ቡናማ አሸዋ ይወርዳል።

«ሰው እንዴት ጫማውን ሳያወልቅ ውሃ ይገባል?» ትለዋለች።

«አንድ እጄ ሥራ ይዞ ነበር» ይላታል እየሳቀ።

«ሌላው እጅህስ?»

«እሱማ ብቻውን ማሰሪያ አይፈታም።»

ነገር ማዞር ልማዱ ስለሆነ አትከራከረውም። አሸዋውን ግን አትደፋውም ነበር። በረንዳ ላይ በተከለችው ሬት ሥር ታፈሰዋለች።

ጫማውን ከማምጣቱ በፊት ስልኩ ይመጣል። ጎህ ሲቀድ፣ ሙዚቃው ቆሞ ሃይደርም ሱብሂ ሰግዶ ሲያበቃ፣ ይደውልላታል። «ራህሚ፣ ስሚ» ይልና ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ የውሃ ድምፅ ይመጣል። ቦጭ፣ ቦጭ፣ ሿ ይላል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይጀምራል።

«ውሃው ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

ራህማ በፈረቃ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ከመቅዳት በቀር ከውሃ ጋር ብዙ አትተዋወቅም። የተወለደችበት የስልጤ ገጠር የሚጠጣው ከጉድጓድ ነበር፤ ጉድጓድ ደግሞ ዝምተኛ ነው። ስለዚህ አልጋዋ ላይ ሆና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስትሰማ፣ ሐይቅ ማለት ጠዋት ጠዋት እንዲህ የሚያወራ ነገር ነው ብላ ያዘች።

«መቼ ነው የምትወስደኝ?» ትለዋለች።

«ጭፈራ ባለበት ቀን አይደለም። ጸጥ ባለ ቀን፣ መኪናው ባዶ ሲሆንልኝ።»

መኪናው ባዶ ሳይሆንለት ሃይደር ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሬቱ አደገ። ራህማ ለማንም አልነገረችም እንጂ፣ ከሁሉ ነገሩ አብልጦ የናፈቃት ያ ድምፅ ነበር። የእሱን ፎቶ ስታይ ትበረታለች። ጎህ ሲቀድ ግን ትነቃለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ተመልሳ ትተኛለች።

ራህማ ቦሌ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የሴቶች ጸጉር ቤት ውስጥ ሹሩባ ትሠራለች። እዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። ደንበኛ ልትታጠብ ስትል ጉትቻዋን፣ ሐብሏን፣ ቀለበቷን አውልቃ የምትሰጠው ለራህማ ነው። ራህማ በሽርጧ ኪስ ትከተዋለች፣ ዚፑን ትስበዋለች፣ ከዚያ በኋላ ስለ ጌጧ የምታስብ ሴት የለችም። ይህ እንዲሆን ያዘዘ ሰው አልነበረም። እንዲሁ ሲደጋገም ሥራዋ ሆነ። ሠርግ ቤት ስትሄድም ቦርሳ ሁሉ እሷ ጭን ላይ ይከመራል፤ ሌላው ሲጨፍር እሷ ተቀምጣ ታጨበጭባለች።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ጥፍር የምትሠራው ሀይሚ ስልኳን ከሰው ሰው እያዞረች አሳየች። ሀይሚ ገና ልጅ ናት፤ ከፊቷ ሳቅ አይጠፋም። ላንጋኖ ዳር ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እሑድ ጠዋት የሚያልቅ ትልቅ ፓርቲ ተዘጋጅቷል።

«ሣቢ፣ ሁላችንም እንሂድ፣ ፕሊስ» አለች። «ሸገርን ለአንድ ሌሊት እንልቀቃት።»

ሣባ የጸጉር ቤቱ ባለቤት ናት። ከያዘችው የጸጉር ማድረቂያ ቀና ሳትል፣ «እሺ፣ እናቶቻችሁ ሲደውሉ ምን ልበላቸው?» አለቻት።

«አንድ ትልቅ ሰው ይዘን ብንሄድስ?» አለች ጸጉር አጣቢዋ ረሆቦት። «እትዬ ራህማ ይምጡ። እሳቸው አይጠጡ፣ አይጨፍሩ፣ አይተኙ።»

«አይኖሩም በያ» አለች ራህማ፣ ከምትሠራው ጸጉር ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሣባም ሳቀች። «እሷማ መቼ እሺ ትላለች? ተዋት።»

«እሄዳለሁ» አለች ራህማ።

ሣባ ማድረቂያውን አጠፋችው። «የት?»

«ላንጋኖ አይደል ያላችሁት? ልጆቹን እጠብቃለሁ።»

ሣባ የሃይደርን ሥራ ታውቃለች። ራህማን ትክ ብላ አየቻት። «እንግዲያው አደራ» ብቻ ነው ያለችው።

አርብ ዕለት ራህማ የሚሄዱትን ልጆች አንድ በአንድ አስቀምጣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ሹሩባ ሠራቻቸው። ጉንጉኑ ከግንባር ተነስቶ ማጅራት ላይ ይገናኛል፤ ጫፉ ላይ ቀይ ክር አለው።

«እንደ እስረኛ ምልክት አደረጉብን እኮ» አለች ሀይሚ በመስታወት እያየች።

«በጨለማ የሰው ፊት አይለይም» አለቻት ራህማ። «የእጄን ሥራ ግን ከኋላም አውቀዋለሁ።»

ቅዳሜ ጸጉር ቤቱ ሙሽሮች በዝተውበት ልጆቹ ከቦሌ የወጡት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ከመገናኛ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ገና ከከተማ ሳይወጣ ልጆቹ ዘፈን ጀመሩ። ራህማ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሾፌሩን ማጅራት ስታይ ቆየችና ዞር አለች።

«ስሙኝ። ጠርሙስ ፊታችሁ ካልተከፈተ አይጠጣም። አስቀምጣችሁት ከተነሳችሁ ደግሞ የእናንተ መሆኑ ቀርቷል፣ ድፉት። ሽንት ቤት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። የጠጣ ሰው ውሃ አይገባም፣ እግሩንም ቢሆን። እኔ ሻርፔን ከፍ አድርጌ የማስርበት ዛፍ ሥር ነኝ። የጠፋባት ሻርፑን አይታ ትምጣ።»

«እትዬ ራህማ፣ ስንት ፓርቲ ወጥተው ነው ይሄን ሁሉ ያወቁት?» አለች ሀይሚ።

«ሃይደር ነበር የሚነግረኝ። የጫነውን ሰው አጉድሎ ተመልሶ አያውቅም።»

ሲደርሱ መሽቷል። ራህማ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ያየችው መብራት፣ ጭስና የሰው ጭንቅላት ብቻ ነበር። ሙዚቃው ደረቷ ላይ ይደልቃል። «ውሃው የት ነው?» ብላ አንዱን አስተናጋጅ ጮኻ ጠየቀችው።

«ያውልዎት፣ ከመድረኩ ኋላ» አላት ወደ ጨለማው እያመለከተ።

ከመድረኩ ኋላ ጥቁር ነገር ተዘርግቷል፤ ሌላ የሚታይ የለም። ጆሮዋን ብታቀናም ከበሮ ብቻ ሰማች። ሻርፗን ግራር ላይ አሰረች፣ ሥሩ ጋቢዋን አነጠፈች፣ ሽርጧን አገለደመች። ልጆቹ ስልካቸውን፣ ጃኬታቸውን፣ ተረከዘ ረጅም ጫማቸውን አራገፉባትና ወደ ጭፈራው በረሩ። ሐይቁ ቅርብ ነበር፤ ብድግ ብላ ብትሄድ የምትደርስበት። ግን የሰው ንብረት ጥላ እንዴት ትነሳ? ተቀመጠች። ኪሷ ውስጥ የሰው ስልክ ይነዝራል፤ እናቶች ናቸው። ራህማ ከርቀት ቀያይ ክሮቹን እየፈለገች ታያለች፣ ስታገኛቸው ትረጋጋለች። ሃይደርም እዚህ አካባቢ መኪናውን አቁሞ፣ ይህን ሁሉ ጩኸት እየሰማ፣ ሙዚቃው እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር። እሷም እሱ ይጠብቀው የነበረውን ያንኑ ሰዓት መጠበቅ ጀመረች።

ሌሊቱ ሳይጋመስ ረሆቦት ብቻዋን መጣች። «ሀይሚ እዚህ መጣች እንዴ? ሽንት ቤት አብረን ነበርን። ስወጣ የለችም።»

ራህማ ተነሳች። «እዚህ ዕቃው ላይ ቁጭ በይ። አትነቃነቂ።»

በጨፋሪው መሃል ትከሻ እየገፋች ሄደች። የሰው ጀርባ እንጂ ፊት አላየችም። መኪኖች ከቆሙበት ዳር ስትደርስ፣ አንድ በሩ የተከፈተ መኪና አጠገብ፣ ቀዩን ክር አየችው። ሀይሚ አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ አስገብታለች። ሞተሩ ተነስቷል። ውስጥ ወንዶች ተቀምጠዋል፤ ውጭ የቆመ አንዱ በሩን ይዞላታል።

ራህማ አልጮኸችም። ጠጋ ብላ እጇን የልጅቷ ማጅራት ላይ አሳረፈች። «ነይ እስቲ የኔ ልጅ። ጉንጉንሽ ሊፈታ ነው።»

«ተዉት እትዬ ራህማ» አለች ሀይሚ፣ ምላሷ ከብዷታል። «ሌላ ቦታ ልንሄድ ነው። የተሻለ ሙዚቃ አለ አሉ።»

«እማማ፣ ጸጉር እኮ ነው» አለ በሩን የያዘው። «ነገ ይሠራል።»

«የኔ ሥራ ተፈትቶ ሰው ፊት አይወጣም። እዚሁ ብርሃን ጋ ነው፣ ደቂቃ አትፈጅም።» ይህን ስትል ጣቶቿ ጉንጉኑ ውስጥ ገብተዋል። ጸጉሯን የተያዘች ሴት ወደ ተሳበችበት ነው የምትሄደው። ሀይሚ እግሯን ከመኪናው አወጣች።

«እናትሽ ናት እንዴ?» ብሎ ሳቀ ሰውየው።

«ሹሩባ ሠሪዋ ነኝ» አለችው ራህማ ዞራ፣ እና መንገዷን ቀጠለች።

«ስሙ ማን ነው?» አለቻት ራቅ ሲሉ።

«አሌክስ።»

«የማን ልጅ አሌክስ?»

ሀይሚ ዞራ መኪናውን አየችው።

«መኪናው ወዴት ነው የሚሄደው?»

ግራሩ ሥር ሲደርሱ ሀይሚ ራሷን ዳበሰች። «አልተፈታም እኮ!»

«እንዳይፈታ ነው የመጣሁት።»

ሀይሚ ተቆጣች። ሌሊቴን አበላሹብኝ፣ ሕፃን አይደለሁም፣ አለች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ጋቢው ላይ ተኛች። ራህማ ጃኬት ደረበችላትና እግሯ አጠገብ ተቀመጠች። ሐይቁ እንደ ቅድሙ ቅርብ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ራህማ ዓይኗን ከልጅቷ አላነሳችም።

ሰማዩ ሲገረጣ ሙዚቃው ቆመ። ጸጥታው ራሱ ጆሮ ላይ ይጮኻል። ሾፌሩ ጸሐይ ሳትበረታ ሞጆን ማለፍ አለብን እያለ ጥሩምባ መንፋት ጀመረ። ልጆቹ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ሹሩባቸው አቧራ ለብሶ፣ አንድ በአንድ ሻርፑን እያዩ መጡ። ሁሉም አሉ። ጫማ ጫማቸውን እየፈለጉ ወደ አውቶቡሱ መሄድ ጀመሩ።

ራህማ ሐይቁን ተመለከተች፣ አውቶቡሱን ተመለከተች። ያልተወሰዱት ስልኮች ኪሷ ውስጥ ናቸው። ሽርጧን ፈታችና ነቅታ ዓይኗን ለምታሻሸው ሀይሚ ዘረጋችላት።

«ያዢልኝ።»

«እኔ?» አለች ሀይሚ። ፊቷ ላይ የሌሊቱ ኩርፊያ አልጠፋም ነበር።

«አዎ፣ አንቺ። መጣሁ።»

ሀይሚ ሽርጡን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ራህማ ባዶ ጠርሙሶችን እየዘለለች ወረደች። ውሃው ሰማያዊ አልነበረም። ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ ሃይደር ይህን አልነገራትም። እንደተተኮሰ አንሶላ ረግቶ ተኝቷል። ዳሩ ላይ ቆማ ሰማች። ትንፋሿን ይዛ ሰማች። ምንም የለም። የወፍ ድምፅ ነበር፣ የሰው ሳል ነበር፣ ውሃው ግን ዝም እንዳለ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃ፣ ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ እንደ አገሯ ጉድጓድ ዝምተኛ ሆኖ ጠበቃት። እሱ ስለሌለ ነው እንዴ የማትናገረኝ፣ ልትለው ፈለገች።

ጥሩምባው ተነፋ። እግሬን እንኳ ላስነካው ብላ ጎንበስ አለች፤ የጫማዋ ማሰሪያ ተቆላልፎ እምቢ አላት። ጥሩምባው እንደገና ሲጮህ ማሰሪያውን ትታ ከነጫማዋ ገባች።

ቦጭ አለ።

ቆመች። ድምፁም ቆመ። እግሯን አነሳች፤ ቦጭ። ወደ ፊት ሳበችው፤ ሿ። አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማው የነበረው እሱ ራሱ ነው። ሐይቁ ጠዋት አያወራም ነበር። ሃይደር ነበር። መጀመሪያ ይደውልላታል፤ እሷን መስመር ላይ አቁሞ ጫማ የሚፈታበት ጊዜ የለም፤ ስለዚህ በአንድ እጁ ስልኩን ወደ ውሃው ዝቅ አድርጎ ይዞ፣ በዚያ ብርድ፣ ከነጫማው ወዲያና ወዲህ ይመላለስ ነበር። እሷ እንድትሰማ። ስትሰማ ደስ እንዲላት። እሷ ደግሞ ሲመለስ በር ላይ ቆማ በእርጥብ ጫማው ትቆጣው ነበር።

«ይሰማኛል» አለች በቀስታ።

እሱ እንደተመላለሰው ተመላለሰች። ጥሩምባው ሦስተኛ ሲነፋ አልቸኮለችም።

አውቶቡሱ በር ላይ ሀይሚ ሽርጡን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። ሾፌሩ ግቢ ቢላትም አልገባችም። «ሁሉንም ለየባለቤቱ ሰጥቻለሁ» አለች። «የእርስዎ ስልክ ብቻ ነው የቀረው።» ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። «እትዬ ራህማ፣ ጫማዎን ሳያወልቁ ገቡ እንዴ?»

«እዚህ ውሃ እንደዚያ ነው የሚገባው» አለች ራህማ።

ደረጃውን ወጣች። በመተላለፊያው ምንጣፍ ላይ፣ እስከ ወንበሯ ድረስ፣ ቡናማ አሸዋ ተከተላት።