ኩሱ የማን ነው?

ባሌ ሙሉካ ነገር አይወድም ነበር። በመንደራችን በኮንጋ እንደ እሱ የቡና ችግኝ የሚያሳድግ አልነበረም፤ ሰው ግን «የዶሮ ኩሱ ሰውዬ» እያለ ይስቅበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ዘነቡ ግን አልስቅም፤ ኩሱን የምጠርገው እኔ ነኛ!

ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ እኛ የባላምባራስ ግዛቸው ጭሰኞች። አንድ ቀን ባላምባራስ ከወንዙ ማዶ ያለውን ጠፍ መሬት አሳዩትና፣ «በራስህ ችግኝ ቡና ካለማህበት ግማሹ ያንተ ይሁን» አሉት። ሙሉካ እንቅልፍ አጣ። የራሳችን የምንለው፣ ለልጆቻችን የምናወርሰው ቡና!

ዶሮዎቹ የሚስታቸው የወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። እኔ አረባለሁ፣ ጫጩቱን እኩል እንካፈላለን፣ ኩሱ የአርቢው ነው። ይህን ስንዋዋል ምስክራችን የእናቴ ልጅ ጴጥሮስ ነበር። ትኩስ ኩስ የችግኝ ሥር ያቃጥላል፤ ስለዚህ ከገለባ ጋር ከምሬ፣ እያገላበጥኩ፣ ሽታው ጠፍቶ አፈር እስኪመስል አቆየዋለሁ። ሙሉካ ደግሞ ከጫካ አፈርና ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ችግኙን ያበቅልበታል። ችግኙ ሲያምርማ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያይ ጀመር። ባላምባራስም አዩ።

ክረምት ገብቶ ልንተክል ስንል መልእክት ላኩ፦ «የሚስቴ ዶሮ የኔ፣ ኩሱም የኔ፤ በኔ ኩስ ያደገ ችግኝም የኔ ነው።» ወይ ጉድ! ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ ግን ምንም አልሰጋሁም፤ ወንድሜ አለልኛ።

ጴጥሮስ ተነሣ። ወደ እኔ አላየም። «ስለ ጫጩት ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ ስለ ኩስ የሰማሁት የለም» ብሎ ተቀመጠ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! «አንተ! የእናታችን አጥንት ይፋረድህ!» ብዬ ስጮህ ሽማግሌዎቹ ዝም በይ አሉኝ። ችግኙ ለባላምባራስ ተፈረደ። ማዶ ያለውን መሬት ማን ሊተክለው መጣ? ጴጥሮስ! ግማሹ ለእሱ ተብሎለታል።

ጥቂት ሰንብቶ ባዶ ጆንያ ይዞ ደጃችን ቆመ።

«እህቴ፣ ችግኙ እየደረቀብኝ ነው። እንዲፋፋ ብዬ ኩስ ጨምሬበት ነበር።»

ትኩሱን ነዋ! ደሜ ፈላ። «ይድረቅ! አመድ ይሁን!» አልኩት።

ሙሉካ ግን ጆንያውን ተቀበለውና በደንብ ከበሰበሰው ክምር ይሞላለት ጀመር። ትኩሱን ከሥሩ እንዴት እንደሚያነሣ ሳይቀር አስረዳው።

«አበድክ እንዴ?» አልኩት።

«ችግኙ ምን አደረገ?» አለኝ።

የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ! እኔስ ምን አደረግሁ? ጴጥሮስ ጆንያውን ተሸክሞ ሲወጣ «እግዜር ይስጥህ» ያለው ሙሉካን ነው። ኩሱን በእጄ ያገላበጥኩት እኔ፣ ወንድም ያጣሁትም እኔ። ጴጥሮስ በሽማግሌ ፊት ከዳኝ፤ ባሌ ደግሞ በገዛ ደጄ። አገሩ ሁሉ ሙሉካን ደግ ሰው ነበር ይለዋል። እኔ ግን አፈር እስኪገባ ይቅር አላልኩትም።