አንተው እየው

ዘካሪያ ከአቃቂ በሰቃ ታክሲ ከመያዙ ስልኩ ይጮኻል። የሚሠራበት ድርጅት ሰርቨሮች ግማሾቹ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ግማሾቹ ውጭ አገር በኢንተርኔት በሚከራይ ክላውድ ላይ ናቸው። ሁለቱንም የሚያዝዘውን ሲስተም የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ሠራተኛ ሰርቨር ሲፈልግ በኮምፒዩተር ይጠይቃል፤ አለቃው ያጸድቃል፤ የቀረውን ሲስተሙ ራሱ ይጨርሳል። የሰው እጅ የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

ግን ማን ይመነው! ጥያቄ የላከ ሁሉ ወዲያው ይደውላል።

«ዘኩ፣ ልኬያለሁ፤ እስቲ አንተው እየው።»

«እኔ የማየው ነገር የለም። ሲስተሙ ራሱ ይሠራዋል» ይላል፣ ምላሱ እስኪዝል።

«አውቃለሁ፤ ግን አንተ ብታየው ይሻላል።»

ትናንት እንደዚህ ሲመልስ ውሎ ቤት ሲገባ እናቱ የመብራት ቆጣሪው እንደተበላሸ ነገረችው። ጫማውን ሳያወልቅ በስልኩ ለመብራት መሥሪያ ቤቱ የጥገና ጥያቄ ሞልቶ ላከ። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ባለሙያ እንልካለን» የሚል መልስ ወዲያው መጣለት። መልሱን ሁለቴ አነበበው። ከዚያ እዚያው መሥሪያ ቤት ለሚሠራው ጓደኛው ለሀይረዲን ደወለ።

«ሀይሬ፣ የቆጣሪ ጥያቄ አሁን ልኬያለሁ።»

«ከላክህማ በቃ፣ ሲስተሙ ራሱ ይመድብልሃል» አለ ሀይረዲን፣ በረጅሙ ተንፍሶ።

ዘካሪያ ያን ትንፋሽ በደንብ ያውቀዋል።

«አውቃለሁ» አለ፤ «ግን አንተ ብታየው ይሻላል።»