ሰላምታ የመለሰው ዘንዶ

ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ፍለጋ የድሬዳዋን ታይዋን ገበያ ስዞር ግማሽ ቀን ፈጀሁ። የመጨረሻው ሻጭ የሉዶ ዳይስ በመዳፉ እንደያዘ ሳቀብኝ። «ሃያ ፊት? ወሪያ፣ ሁለት ፊት ያለው ሰው እንኳ ያስፈራል!» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። መናደድ ላይ ፈጣን ነኝ፤ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ። ቤቴ ገብቼ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ሰበሰብኩ፣ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍኩባቸውና ፌስታል ውስጥ ከተትኳቸው። ዕጣችን እሱ ሆነ።

ጨዋታውን ለማያውቅ፣ ነገሩ ቀላል ነው። አንዱ አጫዋች ይሆንና ስለ አንድ ዋሻ ይተርካል። ሌሎቹ ዋሻው ውስጥ የገቡ ሰዎች ሆነው «በሩን እገፋለሁ»፣ «እሮጣለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ ከፌስታሉ የሚወጣው ቆርኪ ቁጥር ይወስናል። አጫዋቹ እኔ ነበርኩ። ሳምንቱን ሙሉ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የስፌት መኪና እጠግናለሁ፤ እዚያ አንዲት ብሎን እንኳ በራሴ ሐሳብ አላጠብቅም። ከገዛ ጭንቅላቴ አውጥቼ የምሠራው የእሑዱን ዋሻ ብቻ ነበር። ስለዚህ እንደ ልጅ እሳሳለት ነበር።

ችግሩ፣ ዋሻዎቼ አሰልቺ ነበሩ። ኢንተርኔት ላይ «የምንጊዜም ምርጥ» ስለሚባሉት ዋሻዎች እያነበብኩ አርባ ክፍል እሠራለሁ፤ በየክፍሉ ወጥመድ አለ፣ ካርታው በሦስት ቀለም ነው። ተጫዋቾቼ ሁለት ናቸው፤ አብሮ አደጌ ባጃጅ ነጂውና ፓርክ አብራኝ የምትሠራው ልብስ ሰፊ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ባጃጅ ነጂው አንኮራፋ። ልብስ ሰፊዋ «ዋሻህ ውስጥ ግን ሰው የለም እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ሁለቱ መከሩና ፍርዱን ነገሩኝ፤ መጪው እሑድም እንዲህ ከሆነ ወደ ካርታ እንመለሳለን አሉ። «ወዳንተ ካርታ አይደለም፣ ወደ መጫወቻው» ብሎ ባጃጅ ነጂው ጨመረበት።

የዚያን ሳምንት ምሳ ሰዓቴን በሙሉ ደብተር ላይ ተደፍቼ አሳለፍኩ። አዲሱ ዋሻ ከባቡር ጣቢያው ሥር ይጀምራል፣ ክፍሎቹ ሰባት ብቻ ናቸው፣ የመጨረሻው ውስጥ ምንጭ የሚጠብቅ ዘንዶ ተኝቷል። የዘንዶው ውጊያ ብቻ አራት ገጽ ወሰደ።

እሑድ ከሰዓት፣ ድሬ በሙቀት ጭር ባለችበት ሰዓት፣ መጋላ ሰፈር የባጃጅ ነጂው እናት በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እስከ ስድስተኛው ክፍል ድረስ ማንም አላንኮራፋም። የዘንዶው በር ላይ ልክ ስንደርስ ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ፤ ባጃጁ መንገድ ዘግቷል። ነጂው «ሆዮ፣ በእኔ ቦታ ቁጭ በይ!» ብሎ እናቱን ተክቶ ወደ ውጭ ሮጠ።

እናቱ ሻይ ልትቀዳልን መጥታ ነበር፤ ቴርሙዙን እንዳቀፈች ተቀመጠች። አንቱታ ድሬ ላይ ብዙ ቦታ የለውም፣ እሷም «እርስዎ» የሚላት ሰው ሁሉ ከአዲስ አበባ የመጣ ይመስላታል። ድምፄን አጎርንኜ ጀመርኩ።

«ጨለማ ዋሻ በር ላይ ቆመሻል። ውስጥ ግዙፍ ዘንዶ አለ። ዐይኑን ገለጠ! ምን ታደርጊያለሽ?»

የቆርኪውን ፌስታል ዘረጋሁላት፤ ዞራም አላየችው።

«ሰው ቤት ሲገባ ምን ይደረጋል? አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩም ሰላም» አልኩ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ግን መጋላ ያደገ ሰው ይህን ሰላምታ ሲሰማ አፉ እሱን ሳያስፈቅድ ይመልሳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «መለሰ! ዘንዶው መለሰ!»

«የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ዘንዶው አይደለም!»

«ዘንዶው ታዲያ ማነው?» አለች እናትየው። «ሰላም ብሎ የመለሰ አይነክስም። ሰላም ሰጥቶ መንከስ ነውር ነው አቦ!»

ደሜ ፈላ። አራት ገጽ ውጊያ! የስንት ቀን ምሳዬ! ልከራከር አፌን ስከፍት የልብስ ሰፊዋን ፊት አየሁ፤ እንደዚያ ነቅታ አይቻት አላውቅም። ደብተሩን ዘጋሁት።

«እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና?» አለች እናትየው፣ ለዘንዶው።

ይህ የትም ገጽ ላይ አልነበረም። «ቤተሰብ የለኝም» አልኩ በዘንዶ ድምፅ።

«ብቻህን? እዚህ ጨለማ ውስጥ? ምን ትበላለህ?»

«የመጣውን ሰው።»

«ኧረ እሱ ምን ምግብ ነው!» ሻይ ቀድታ ፊቴ አስቀመጠች። «ጠጣ። እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነህ።»

ልብስ ሰፊዋም ምንጩን ስንት ዓመት እንደጠበቀ በኦሮምኛ ጠየቀችው፤ ዘንዶው በተሰባበረ ኦሮምኛ መለሰላት። ባጃጅ ነጂው ላቡን እየጠረገ ሲመለስ «ምን ሆነ? ሞትን?» አለ።

«እናትህ ዘንዶውን ምሳ ጠርታዋለች።»

ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስለ ካርታም ያነሣ የለም። ዝነኛ የሚባሉት ዋሻዎች በወጥመዳቸው ብዛት ዝነኛ እንዳልሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። የገቡባቸው ሰዎች ሲወጡ «እኛ ስንገባ እኮ…» ብለው የሚጀምሩት ወሬ አላቸው። እኔ አርባ ክፍል ስሠራ ለዚያ ወሬ አንዲት ክፍል አልተውኩም ነበር።

ባጃጅ ነጂው ታሪኩን ለተሳፋሪ ሁሉ አወራ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ደብተሩን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጠሁ።

ከወራት በኋላ ሱሪ ልገዛ ታይዋን ሄድኩ። ገዢ የጠፋበት ሰዓት ነበር፤ አንድ ሱቅ ውስጥ ነጋዴዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ መሐላቸው የቆርኪ ፌስታል አለ። አንድ የማላውቀው ሰው ያጫውታል። ከባቡር ጣቢያው ሥር ገብተዋል! ሰባቱ ክፍሎቼ ሦስት ሆነዋል፣ ከወጥመዶቼ አንድም አልተረፈም። የለመደብኝ ንዴት ብቅ አለ።

«ይሄን ዋሻ ማን ነው የሠራው?» አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

«ኧረ የድሮ ነው፣ የድሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አለኝ አጫዋቹ። «ና፣ ተቀመጥ።»

የእኔ ነው ልለው ነበር፤ ሳቄ አላስችል አለኝ። ተቀመጥኩ። በገዛ ዋሻዬ ውስጥ ተጫዋች ስሆን የመጀመሪያዬ ነበር። ተራዬ ደርሶ የዘንዶው በር ላይ ቆምኩ።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኩ።

«ወአለይኩም ሰላም!» አለኝ ዘንዶው። «አንተ ሰው፣ የት ጠፍተህ ነው?»

«ሥራ ነው አቦ» አልኩት።