ቴስታታው ሲገጠም

«ስክራፕ አድርጊያት፣ ለብረት ሽጫት!» አላት መካኒኩ፣ የፒክአፑን ኮፈን መልሶ እየዘጋ።

አሰፋሽ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ውስጥ አረጋውያንን እየተንከባከበች የምትኖር፣ አርባን ያለፈች፣ ከመሪና ከቤንዚን መቅጃ በቀር ስለ መኪና አንዳች የማታውቅ ሴት ናት። ያቺን አሮጌ ቀይ ፒክአፕ የገዛችው ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት የሚቀይሩ ሰዎችን ዕቃ እያመላለሰች የራሷን ሥራ ልትጀምር ነበር። ገና ሳትጠግባት ፎር ኦ ዋን አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ እንደ ሽሮ ተንተክትኮ፣ ነጭ ጭስ ተፍቶ ቀጥ አለ። አሰፋሽ ግን መካኒኩን አልሰማችውም፤ አስጎትታ ቤቷ ደጃፍ አቆመቻት።

ከላይኛው ፎቅ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩት አቶ ተክለ ማርያም በመስኮት አይተው ወረዱ። በወጣትነታቸው በከባድ መኪና የአሰብን መንገድ ሲመላለሱ፣ መንገድ ላይ የቆመባቸውን ሞተር ራሳቸው ፈተው ራሳቸው ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ቶሮንቶ ከገቡ ወዲህ ግን ከቴሌቪዥን ፊት ተነስተው አያውቁም። የዘይቱን ክዳን ከፍተው ቢያዩ ውስጡ ማኪያቶ መስሏል። ፊታቸው በራ።

«ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ውሃና ዘይቱ ተደባለቀ እንጂ ሞተሩስ አልሞተም። ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ እናወርዳለን!»

«ማንና ማን ጋሼ?»

«እኔና አንቺ ነና!»

አወረዱት። አሰፋሽ ማሽን ቤት ወስዳ ፊቱን አስተካክለው እንዲልጉላት አደረገች፤ በሞተሩና በቴስታታው መሐል የሚነጠፈውንም ማሸጊያ፣ አሮጌውን አሳይታ አዲስ ገዛች። የሚገጠምበት ቅዳሜ ሲደርስ የአቶ ተክለ ማርያም ልጅ ኢየሩሳሌም ወደ ሥራ ስትወጣ፣ አባቷ ቱታ ለብሰው እያፏጩ አገኘቻቸውና አፏን ይዛ ቀረች።

አሰፋሽ የመኪናዋን መጽሐፍ ከፍታ «ሄድ ጋስኬት» ብላ ስታነብ፣ ሽማግሌው «እሱን እንኳ እኛ አገር አላየሁትም» ይላሉ። እሳቸው «ጓርኒሲዮን» ሲሉ ደግሞ እሷ የሚበላ ይመስላታል። ሁለቱም አንድ ዕቃ፣ ያው ማሸጊያው መሆኑን ሲደርሱበት ተሳስቀው ሊሞቱ!

ጓርኒሲዮኑን አንጥፈው ቴስታታውን ሊያነሱ ሲሉ አሰፋሽ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ይቆዩማ! ይሄ የውሃ ቀዳዳ ተደፍኗል።»

አቶ ተክለ ማርያም መነጽራቸውን አውርደው አዩ። «ውይ! ገልብጠን ነዋ ያነጠፍነው! በዚህ ብንዘጋው ኖሮ ዳግመኛ ልንቀቅላት ነበር። ዓይንሽ ይባረክ!»

ገለበጡት። ቴስታታውን ግራና ቀኝ ይዘው፣ እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው አሳረፉት።

«አሁን ቡሎኖቹን ከመሐል ጀምረሽ ወደ ዳር አጥብቂ» አሉ። «ሁሉንም ትንሽ ትንሽ። አንዱን ብቻ ጥርቅም ካደረግሽው ይጣመማል።»

ጥብቀት የሚለካው ቁልፍ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ!» ይላል። አሰፋሽ ለመጀመሪያው ቀጭታ «አሜን!» አለች፣ ከቸርች ለምዶባት ነው። ለሁለተኛው ሽማግሌውም አገዟት። ከዚያ በኋላ ቡሎን በጠበቀ ቁጥር ሁለቱም «አሜን!» ሲሉ ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ።

የሞተሩን ሰንሰለት ከምልክቱ ጋር አጋጠሙ፤ ዘይትና ውሃ ሞሉ። አሰፋሽ መኪናው ውስጥ ገብታ የማስነሻውን ቁልፍ አዞረች። ሞተሩ አቃሰተ፣ ዝም አለ። እንደገና አዞረች። አስነጠሰ፣ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ገደልናት መሰለኝ» አለች።

«ቤንዚኑ እስኪደርሳት ነው። ልመኛት!»

«እባክሽ የኔ እናት» አለችና አዞረች። ሞተሩ ተነሣ! አንዴ ተንገጫግጮ፣ ከዚያ ልስልስ ብሎ ዘፈነ። አሰፋሽ ከመኪናው ዘላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ በረንዳ ላይ ያሉትም፣ ቋንቋውን የማያውቁት ሳይቀሩ፣ አጨበጨቡ። አቶ ተክለ ማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ሞተሩን እጅ ነሡ።

ውሃው አለመፍሰሱን፣ ሞተሩም አለመፍላቱን ካረጋገጡ በኋላ አሰፋሽ ሽማግሌውን አሳፍራ ሰው ወደሌለበት የቸርቿ ፓርኪንግ ነዳች። እዚያ ወርዳ በሩን ከፈተችላቸው።

«ወዲህ ይዙሩ፤ ተራው የእርስዎ ነው።»

«እኔ? የዚህ አገር መንጃ ፈቃድ የለኝም እኮ!»

«እዚህ ግቢ ውስጥ ማን ይጠይቅዎታል?»

መሪውን ጨበጡ፣ ማርሹን አስገቡ፣ ከዚያ ማን ያቁማቸው! ግቢውን ይዞሩታል፣ ጥሩንባውን ይነፉታል፤ አሰፋሽ በሳቅ ዕንባዋ እየፈሰሰ በሩን ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች። ይሄኔ ስልካቸው ጮኸ፤ ኢየሩሳሌም ነበረች።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ ኮል አደርግልሻለሁ» ብለው ዘጉትና፣ ጥሩንባውን አስረዝመው ነፉት።