ከጃንሜዳ ሳልነሳ የቀረሁ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ጅማ የምታስተምረው ልጄ ወልዳ ልጠይቃት ስሄድ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፌ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ባንኮኒው ጋ የቆመችው ልጅ ሻንጣዬን ሚዛን ላይ አስቀመጠች፣ ቁጥሩን ጻፈች፣ ሻንጣውንም ወደ ኋላ አሳለፈችው። እኔም ኮቴን አውልቄ፣ ከዘራዬን ከኋላዬ ለነበረው ሰው አስይዤ፣ ሚዛኑ ላይ ልወጣ እግሬን ሳነሳ ልጅቱ ደነገጠች።

«አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ልመዘን ነዋ።»

«እርስዎ አይመዘኑም፤ ሻንጣው ብቻ ነው።»

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሰባ ሁለት ኪሎ መሆኔን ግን ነግሬያት አለፍኩ። አውሮፕላን ለመሳፈር ሰው ይመዘን እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኔ አስታውሳለሁ፤ መዛኙ እኔ ነበርኩና።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር አራዳ ብቻ ነበር ስሙ። ገበያው ከጊዮርጊስ ሥር ተዘርግቶ፣ የቅቤው፣ የበርበሬውና የእርጥብ ቆዳው ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ ገና ሳይደርሱ ይቀበል ነበር። እኔ የአንድ አርመን ነጋዴ የቡናና የቆዳ መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነበርኩ። ጆንያ ሳነሳና ሳወርድ ስለምውል ክንዴ ራሱ ሚዛን ሆኖ ነበር። ጆንያውን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጌ ክብደቱን እናገራለሁ፤ ከዚያ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ሚዛኑም እኔ ያልኩትን ይደግማል። ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው፤ በዚያ ዘመን አራዳ ውስጥ እኔን የሚያህል መዛኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ሙሴ ሬኔ የሚሉት ፈረንጅ አብራሪ ሚዛን ሊዋስ መጣ። አውሮፕላን አዲስ አበባን ማየት ከጀመረ ገና ጥቂት ጊዜው ነው፤ የሚያርፈውም የሚነሳውም ጃንሜዳ ላይ፣ የሚግጡት ከብቶች እየተባረሩለት ነበር። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ክንፉን እንደ ቆላው አየር አይሸከመውም። በክረምት ደግሞ ጭቃው ጎማ ይይዛል፤ ከሜዳው ጫፍም ባሕር ዛፍ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ሙሴ ሬኔ ያለ ሚዛን አይነሳም፤ የገዛ ጫማውን ሳይቀር መዝኖ ጽፎ ነበር።

ጆንያ አንስቼ ስናገር አይቶ አላመነኝም። «እኔ ስንት?» አለ በሰባራ አማርኛው። ከወገቡ ይዤ ከፍ አደረግሁትና «ሰባ አንድ» አልኩት። ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሰባ አንድ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በረራ ባለ ቁጥር ያስጠራኝ ጀመር። ሁለት ወር ያህል ጭነቱንም ተሳፋሪውንም ስመዝንለት ከቆየሁ በኋላ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «በሚቀጥለው፣ ጅማ፣ አንተ ትቀመጣለህ» አለኝ።

እስከ በረራው ቀን ድረስ አራዳ ውስጥ ያልነገርኩት ሰው አልቀረም። ለጸጉር አስተካካዩ ነገርኩ፣ ለቄሱ ነገርኩ፣ ውሃ ለሚቀዱት ሴቶች ነገርኩ። ጓደኛዬ በላይ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፣ «እንግዲህ ከላይ ሆነህ እንዳትተፋብን» ይለኝ ነበር። እናቴ ግን ሌሊቱን ዳቦ ቆሎ ስታዘጋጅ አደረች። ጅማ በበቅሎ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ የሁለት ሳምንት ስንቅ ቋጠረችልኝ። መንገዱ ሁለት ሰዓት አይሞላም ብላት፣ «እሱ ሲሄድ ነው፤ ቢቆምስ?» አለችኝ።

ሐምሌ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ጠዋት ላይ ቀጥ ብሎ፣ ጃንሜዳ በጭጋግ ተሸፍኖ፣ የቤንዚኑና የእርጥብ ባሕር ዛፉ ሽታ አፍንጫ ይሞላ ነበር። በላይና ሌሎች ጓደኞቼ ሊሸኙኝ ተከትለውኛል። አብረውኝ የሚሳፈሩት አንዲት ወይዘሮ ብቻ ነበሩ፤ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ይባላሉ። ጅማ ለሥራ የሄደ አንድ ልጃቸው ዛሬ ወባ በምንለው በንዳድ ተይዞ አልጋ ላይ መዋሉን ሰምተው ነው የመጡት። በክረምት በበቅሎ እስኪደርሱ ልጁ ይቆያል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ሙሴ ሬኔ ሚዛኑን አሳያቸው። ወይዘሮዋ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ቁልቁል አዩት።

«እኔ ቆዳ ነኝ? ቡና ነኝ? የአባቴ ልጅ ገበያ ሚዛን ላይ አትወጣም!»

«ካልመዘንኩ አልሄድም» አለ ሙሴ ሬኔ።

«እንግዲያው ቅር!»

ቢቀር የሚሞተው ልጃቸው መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ግን አንገታቸው አልጎበጠም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታየኝ። ትልቅ ሰው ከበቅሎ ብቻውን አይወርድም፤ አንድ ሰው ብብታቸው ሥር ይዞ ደግፎ ያወርዳል፤ ለአንድ አፍታ ሙሉ ክብደታቸው በዚያ ሰው ክንድ ላይ ነው። ጠጋ ብዬ አሽከራቸውን ገለል አደረግሁትና እጅ ነሳሁ።

«እሜቴ፣ ጭቃው ያዳልጣል፤ ይፍቀዱልኝ፣ እኔ ላውርድዎ።»

አወረድኳቸው። ካባቸውን አስተካክለው ዞር ሲሉ፣ ለሙሴ ሬኔ ቀስ ብዬ «ስልሳ ስምንት» አልኩት። ጻፈ። ትንሿን ጓዛቸውን አንስቼ ነገርኩት፤ የታሸገውን የፖስታ ከረጢት ጨመረ፤ የእኔን ስልሳ ሁለት ኪሎ ጨመረና ድምሩ ሥር ሁለት ጊዜ አሰመረ። ልክ ሞልቷል ማለት ነው። የእናቴን ስንቅ ለጓደኛዬ ለበላይ ሰጠሁት።

አሽከሩ ሁለት ቅል ይዞ ሲመጣ ሙሴ ሬኔ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«ምንድን ነው?»

«የእንጦጦ ማርያም ጠበል ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «ልጄ ሰባት ቀን ይጠጣው ተብሎ ነው።»

«ውሃ? ጅማ ውሃ አለ። ብዙ!» ብሎ ወደ ሞተሩ ሄደ።

ወይዘሮዋ ልጸልይ ብለው ከአንዱ ዛፍ ሥር ጥቂት ቆዩ። ሞተሩ እስኪሞቅ ማንም ልብ አላላቸውም። ሲመለሱ ወደ አውሮፕላኑ በር የሚያወጣው አጭር መሰላል ላይ ደግፌ አወጣኋቸው። ክብደታቸው ክንዴ ላይ ሲያርፍ ደነገጥኩ። ሰባ አምስት።

ሰባት ኪሎ ከየትም አይመጣም። ሁለቱን ቅሎች በመቀነት ከወገባቸው አስረው ካባውን ደርበውባቸዋል። ቀና ብዬ ሳያቸው ማወቄን አወቁ። ጣታቸው ክንዴን ጨመቀው።

«ልጄ፣ በጊዮርጊስ፣ ዝም በል።»

ዝም ብል አብረን ባሕር ዛፉ ላይ ልንሰቀል ነው። ብናገር ጠበሉ ይወርዳል፤ ወይዘሮዋም ያለ እሱ አይሄዱም። ፖስታው የመንግሥት ነው፤ አይነካም፤ ጓዛቸውም ሰባት ኪሎ አይሞላም። ከዚያች አውሮፕላን ላይ መውረድ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምክንያቱን ከተናገርኩ ግን የደበቁትን አጋለጥኩ ማለት ነው።

አንድ እግሬ መሰላሉ ላይ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በእንቅልፌ የበረርኩባት፣ ለአራዳ ሁሉ ያወራሁላት ወንበር ከወይዘሮዋ ጎን ባዶዋን ትታየኛለች። እግሬን ከመሰላሉ አነሳሁና ጭቃው ላይ ቆምኩ።

«ምን ሆንክ?» አለ ሙሴ ሬኔ።

«ፈራሁ» አልኩ፤ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እንዲሰማ ጮኼ።

ትከሻውን ነቀነቀና በሩን ዘጋው። አውሮፕላኗ ጭቃውን ግራና ቀኝ እየረጨች ሮጠች። አልነሳ ብላ፣ አልነሳ ብላ፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ተነሳች። ከዛፎቹ አናት በላይ ያለፈችው ሁለት ሰው ተደራርቦ ቢቆም በሚያህል ብቻ ነው። የዛፎቹ ጫፍ ሲወዛወዝ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ብኖርባት ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ከማንም ጋር አልከራከርም።

በላይ ሳቁ እስኪያንቀው ሳቀ። «ዶሮም ክንፍ አላት» አለ፣ «ጃንሜዳን አቋርጣ ግን አታውቅም!» የእናቴን ዳቦ ቆሎ በየመንገዱ እየቆረጠሙ፣ ዛሬ አምስት ኪሎ በምንለው በኩል አድርገው እስከ አራዳ እየሳቁብኝ ወረዱ። በማግሥቱ ስሜ «ቀሪው ጓዝ» ሆነ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሳይቀሩ «ቀሪው ጓዝ፣ እንደምን አደርክ?» ይሉኝ ነበር። እናቴ ብቻ እሰየው ብላ ስለት አስገባች። እኔ ትንፍሽ አላልኩም፤ ቀላል ግን አልነበረም፤ ማታ ማታ ትራስ ነክሼ የተኛሁበት ጊዜ አለ።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ገበያው በአደይ አበባ ቢጫ በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ የወይዘሮ የሻሽወርቅ በቅሎ መጋዘናችን በር ላይ ቆመች። ከጎናቸው መንምኖ አጥንቱ የቀረ ወጣት በሌላ በቅሎ ላይ ተቀምጧል። አሽከራቸው ሊያወርዳቸው ሲጠጋ ከለከሉት።

«ያ ልጅ ያውርደኝ።»

አወረድኳቸው። ቆዳ ሻጩ፣ ተሸካሚው፣ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ በላይም ነበር። ወይዘሮዋ ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀጥ ብለው ገቡና፣ ገና የጨው ቆዳ የወረደበት ሚዛን ላይ ወጥተው ቆሙ።

«መዝነኝ» አሉ።

ሚዛኑን አስተካከልኩ። «ስልሳ ስምንት ነዎት፣ እሜቴ።»

«ጃንሜዳ ላይ፣ መሰላሉን ስወጣስ?»

«ሰባ አምስት።»

«ሰማችሁ?» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ይህ ልጅ ፈርቶ አይደለም የወረደው። ለልጄ ጠበል ቦታ ለቆ ነው። ከዛሬ ወዲህ በዚህ ነገር የሚስቅበት ሰው ቢኖር፣ እኔ ላይ እንደሳቀ እቆጥረዋለሁ።»

ከዚያ ልጃቸውን ጠሩ። አርባ አራት ኪሎ ነበር። እስከ ፋሲካ ድረስ በየወሩ እየላኩት እመዝነው ነበር፤ ስልሳ ሲሞላ እሱና እኔ ተቃቅፈን ጮኽን። ጅማ ውስጥ አንድ ሐኪም ኪኒን ሰጥቶት እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ኪኒኑ ይሁን ጠበሉ ያስነሳው፣ ያንን የሚለይ ሚዛን የለኝም። በላይ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ አያውቅበትም፤ በማግሥቱ አንድ ሙሉ አቁማዳ ዳቦ ቆሎ አስቆልቶ መጋዘኑ በር ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ሙሴ ሬኔም ወደ አገሩ ሄደ። ቀጥሎ ትዳርና ልጆች መጡ፤ አውሮፕላን ላለመሳፈር ሰበብ አጥቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ያቺ አንዲት ወንበር ካመለጠችኝ በኋላ ሌላዋ አላማረችኝም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ተቀመጥኩ። በመስኮት በኩል ጃንሜዳን ፈለግሁት፤ መሐረብ የሚያህል አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። ባሕር ዛፎቹን መለየት እንኳ አልቻልኩም። የሰጡኝን ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ጅማ ደረስን።

ልጄ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። «በል አባዬ፣ እስቲ ሳትመዝን ንገረኝ» አለች፤ የልጅነት ጨዋታችን ነው። አሁን እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኔም ደክሟል። ክንዴ ግን ወዲያው አወቀው፤ ይህን ክብደት አንድ ጊዜ፣ መሰላል ላይ፣ ከካባ ሥር ተሸክሞታል።

«ሦስት ኪሎ ተኩል» አልኳት። «የአንዱ ቅል ልክ ነው።»